እርምጃን ለትንፋሽ ማስገዛት



በአገራችን በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ያለፈ ሰው ሁሉ አንዲት ትእዛዝ በቃሉ ይዟል፦ «በአፍንጫ ሳብ፣ በአፍ አውጣ!» ሜዳ ላይ የተሰለፉ ልጆች እጃቸውን እያነሡ ይስባሉ፣ እያወረዱ ያወጣሉ። ትእዛዟ ክፉ አይደለችም፤ ለማሟሟቂያና ከሩጫ በኋላ ለመረጋጊያ ትበጃለች። ቅር የሚያሰኘው ትምህርቱ እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው። ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ ጉና ተራራ የሚያቀና ወጣት፣ ከበሽሎ በረሃ ወደ ስማዳ ደጋ የሚመለስ ገበሬ፣ ከምንጭ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ የእስቴ እናት በሰልፍ ሜዳ ትእዛዝ አይተነፍሱም። ሊተነፍሱም አይችሉም። ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሰውነታችንን ስናሠራ ትንፋሻችንን በግድ ከእርምጃችን ጋር ከማስኬድ እርምጃችንን ለትንፋሻችን ብናስገዛ ይሻለናል፤ በትንፋሹ ላይ እጃችንን ማስገባት ካስፈለገም ልናሠለጥነው የሚገባን ማውጣቱን ነው፤ መሳቡ ራሱን ይችላል። ይህ ለማንም ሰው የሚሠራ ቢሆንም ከፍታና ገደል በአንድ ቀን መንገድ በሚፈራረቁበት በጎንደር ምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የበለጠ ይሠራል።

ለምን እንደሆነ ከአየሩ እንጀምር። «ደጋ ላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል ይሰማል፤ ልክ አይደለም። በአየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ በምጽዋ ወደብም በጉና አናትም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለወጠው ግፊቱ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው፣ ንፋስ መውጫና አካባቢው በሚገኙበት በ3,000 ሜትር ገደማ ወደ 70 ይወርዳል። ከ4,100 ሜትር በላይ በሚቆመው በጉና አናት ደግሞ 60 ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ በሽሎና ዓባይ በሚገናኙበት በስማዳ ግርጌ 85ንም ያልፋል። ከወንዙ ዳር ማለዳ ተነሥቶ ደጋ ላይ የሚያመሽ ሰው እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ አገሮች በአውሮፕላን ካልሆነ የማይገኝ የአየር ልዩነት በእግሩ ያቋርጣል። ከ1,500 ሜትር በላይ በየ1,000 ሜትሩ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክስጅን በአማካይ ወደ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ የስፖርት ሕክምና ያስተምራል። ስለዚህ ቆላ ላይ «ቀላል» የነበረው ፍጥነት ደጋ ላይ ያው ፍጥነት ሆኖ ሳለ ከባድ ይሆናል። እግሩ ልዩነቱን አያውቅም፤ ትንፋሹ ግን ያውቃል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ እኔም ንቄ አላልፈውም። «እኛ ደገኞች ነን፤ ሳንባችን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ይህ ምክር ለቆላ ሰውና ለፈረንጅ ይሁን» የሚል ነው። ደገኛ መሆን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በዚሁ በጎንደር ምድር፣ በስሜን ተራሮች አምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ብዛት ይወፍራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ግን ሁለቱም አልታየባቸውም። ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች በአማካይ 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን የደማቸው ኦክስጅን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። ግሩም ውጤት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተለካው በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ነው። ተቀምጦ የሚያወራ ደገኛ ደሙ በኦክስጅን የተሞላ መሆኑ፣ ኩንታል ተሸክሞ አቀበት ሲያያዝ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ስሜንም ጉና አይደለም። ከዚህም በላይ በከተማ ወንበር ላይ ያደገ የደጋ ልጅ የአያቱን ደም ይወርስ ይሆናል እንጂ የአያቱን ጉልበትና የተለማመደ ደረት አይወርስም።

ሌላው ማስረጃ ከሜክሲኮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሎምፒክ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ ሲካሄድ የማራቶኑን ወርቅ ማሞ ወልዴ አመጣ፤ በ10,000 ሜትርም ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በዚያው 10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ መጨረሻው መስመር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ይህን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን። የማይወራው ሰዓቱ ነው። አበበ ቢቂላ ከ4 ዓመት በፊት በባሕር ዳርቻዋ ቶኪዮ ማራቶኑን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር፤ የማሞ የድል ሰዓት ግን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው። ሰዎቹ ይለያያሉ፣ መንገዱና የአየሩ ሁኔታም ይለያያል፤ ሆኖም ከ8 ደቂቃ በላይ ልዩነት ቀላል አይደለም። ደገኛው ያሸነፈው ከፍታው ስላልነካው አልነበረም። ከፍታው ሁሉንም አዘግይቶ ሳለ እርምጃውን ባለው አየር ልክ መመጠን የቻለ ስለነበር ይመስለኛል። የ5,000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው ቱኒዚያዊው ሞሐመድ ጋሙዲ ከቆላ አገር መምጣቱም ይህንኑ ያጠናክርልኛል።

አሁን ወደ ትንፋሹ አሠራር እንግባ፤ ብዙ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ሲያይ ሁሉም «አየር ሳብ! በደንብ ሳብ!» ይላል። ጤነኛ ሰው ሲያለከልክ በአብዛኛው የሚገፋፋው የኦክስጅን ማለቅ አይደለም፤ በደም ውስጥ የተከማቸው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያመርታል፤ የአንጎል ግንድ ይህን ሲያውቅ ሳንባን ያፋጥናል። ከፍታ ላይ ደግሞ አንገት ውስጥ ያሉ ደም መርማሪ ሕዋሳት የኦክስጅኑን መቀነስ አይተው ተጨማሪ ግፊት ይሰጣሉ። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው ያልወጣ አየር በደረቱ እያለ በላዩ ላይ ሌላ ሲስብ ደረቱ ይነፋል፣ ቦታ ይጠበዋል፣ ጭንቀቱም ይብሳል። መድኃኒቱ ማውጣት ነው። ፍም እንደሚያቀጣጥል ሰው ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ እፍ እያሉ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ ከዚያ መሳቡን ለራሱ መተው። ባዶ የሆነ ሳንባ ማንም ሳያዘው ይሞላል። እጅን ጉልበት ላይ አሳርፎ ጎንበስ ማለትንም «የደካማ ምልክት» ብለው የሚቆጡ አሠልጣኞች አሉ፤ ቁጣው መሠረት የለውም፤ አቋሙ ዲያፍራም የሚባለውን በደረትና በሆድ መካከል ያለ ጡንቻ ያግዘዋል።

«ታዲያ በጥልቀት መተንፈስ ይሻላል የሚባለውስ ውሸት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ መጠኑ ግን ይታወቅ። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው አየር በአፍንጫና በአየር ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ተመልሶ ይወጣል፤ የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች ሳይነካ። በደቂቃ 30 ጊዜ፣ በየጊዜው 300 ሚሊ ሊትር የሚተነፍስ ሰው 9 ሊትር አየር አንቀሳቅሶ የሚጠቀመው በ4.5 ሊትሩ ብቻ ነው። ያንኑ 9 ሊትር በ15 ትንፋሽ፣ በየጊዜው 600 ሚሊ ሊትር ቢያደርገው 6.75 ሊትሩ ይደርስለታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሩጫው ጠንክሮ ትንፋሹ በደቂቃ 40 ሊትር ሲደርስ ግን ይጠባል፦ በ40 ትንፋሽ ቢሆን 34 ሊትር፣ በ20 ትንፋሽ ቢሆን 37 ሊትር ይደርሳል። እንግዲህ ቁንጥር ቁንጥር የሚል አጭር ትንፋሽ ጉልበት ያባክናል፤ ሆኖም ሰው እየሮጠ በግድ ትንፋሹን ቢያዘገይ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ሳይሠሩ ቆሞ በኃይል መተንፈስ ደግሞ ጉዳት አለው። ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከመጠን በላይ ሲታጠብ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ወደ ወንዝ ጥልቅ ውኃ ከመግባታቸው በፊት ደጋግመው አየር የሚስቡ ወጣቶች ደግሞ የአንጎላቸውን ማስጠንቀቂያ ያጠፉታል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ውኃው ውስጥ ሳያውቁት ራሳቸውን ይስታሉ። ይህ ሰው ይገድላል።

በአፍንጫ ወይስ በአፍ የሚለውን ክርክር ባጭሩ ልንካው። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያጠራል፤ በእግር ጉዞና በቀላል ሶምሶማ ጊዜ ይበቃል። ትንፋሹ በደቂቃ ከ35 እስከ 40 ሊትር ሲደርስ ግን አብዛኛው ሰው ሳያስበው አፉን ይከፍታል፤ ይህ የሰውነት ጥበብ እንጂ ስንፍና አይደለም። አፍንጫ ብቻ እያሉ አቀበት ላይ ልጅ ማስጨነቅ ከንቱ ነው። የእኛ አገር ልዩ ጉዳይ ብርዱ ነው። «ጧት በውርጭ የሮጠ ሳንባ ምች ይይዘዋል» የሚል ፍርሃት አለ። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ብቻውን አያመጣውም። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፍ በብዛት ሲገባ የአየር ቱቦን ያጠብባል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል። ስለዚህ በውርጭ ማለዳ የሚሮጥ ወጣት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ ይሙቅ፤ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ወይም በሻርፕ ይከልል። እረኛ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሚስበው ያለ ነገር አይደለም።

እርምጃን ለትንፋሽ ማስገዛት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። ሰው በሁለት እግሩ ስለሚሄድ ትንፋሹን ከእርምጃው ጋር በልዩ ልዩ መንገድ ማጣመር ይችላል። ብራምብልና ካሪየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት የሚጋልብ ባለ አራት እግር እንስሳ በአንድ ዝላይ አንዴ ብቻ ይተነፍሳል፤ ሯጭ ሰው ግን ከአንዱ ስልት ወደ ሌላው ይለዋውጣል። የሁሉንም ሯጭ እርምጃ በአንድ ቁጥር ማሰር ይህን ነጻነት መንጠቅ ነው። የሚሻለው መለኪያ ንግግር ነው። በሕክምና የሚሰጠው ምክር እንዲህ ይላል፦ እየተንቀሳቀስህ መናገር ከቻልህ ነገር ግን መዝፈን ካቃተህ እንቅስቃሴህ መካከለኛ ነው፤ ከጥቂት ቃላት በላይ ካቃተህ ከባድ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለን፤ ሰላምታችን። አቀበት ላይ ከላይ የሚመጣ ሽማግሌ ሲያጋጥምህ «እንዴት ዋሉ?» ብለህ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት ዋልህ?» ሲባል መልሰህ፣ «ቤተሰብ ደኅና? ከብቱስ? አዝመራውስ?» የሚለውን ሳትቆም እስከ መጨረሻው ከተለዋወጥህ ፍጥነትህ ልክ ነው። «ደኅ...» ብለህ እጅህን አንሥተህ ካለፍህ ከልክህ አልፈሃል፤ እርምጃህን አሳጥር፣ ቀስ በል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አብዛኛው የዚህ አገር ገበሬ ይህን በገበያ መንገዱ ብቻ ይሞላዋል። ምክሩ የሚያሻው ለቢሮ ሠራተኛው፣ ለባጃጅ ተሳፋሪውና ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጠው ተማሪ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሲጀምሩ በአንድ ቀን ጉና ሊወጡ ያምራቸዋል።

ማውጣትን ማሠልጠን የሚለውን ለማስረዳት ከዚሁ አገር የቀረበ ምስክር አለ። ጋይንት የቤተልሔም ድጓ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመሰከርበት ምድር ነው፤ የዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት ጉባኤም በዚሁ በጋይንት ነው። የዜማ ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ድምፅ ማማር ብቻ አይደለም፤ ረጅሙን ሐረግ ሳይቆርጥ የሚዘልቅበትን ትንፋሽ ማደላደልም ነው። ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክ የተሰኙት ምልክቶች ድምፅ የት እንደሚረግጥና የት እንደሚሄድ ሲነግሩት፣ አየሩን የት በፍጥነት ነጥቆ የት በቁጠባ እንደሚለቅ ግን ዜማውን የሚሰማው መምህሩ በቃል ያስይዘዋል። በማኅሌት ደግሞ ይህ ከአካል ጋር ይጣመራል፤ መቋሚያ እየተወዛወዘ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ወረቡ እየጠነከረ ሲሄድ ሊቃውንቱ እየዘመሩ ይንቀሳቀሳሉ። «ቤተ ክርስቲያንን ከጂም ጋር አታገናኝ» የሚል ቢኖር ቅሬታው ይገባኛል፤ ዓላማቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። እኔ የማነሣው ሥራውን ነው። አጭር መሳብና ረጅም፣ የተቆጠበ ማውጣት ሊለመድ የሚችል ችሎታ መሆኑን የሚያሳይ ሰው ፍለጋ ከዚህ አገር መውጣት አያስፈልገንም።

ትንፋሽን በፈቃድ መምራት ግድ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ሸክም ነው። ከባድ ነገር ሲያነሣ ሰው ትንፋሹን ይቆልፋል። ያን ጊዜ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይነሣል፣ የደም ግፊቱም አብሮ ይተኮሳል። ማክዱጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ክብደት አንሺዎች በሁለት እግራቸው ከባድ ብረት ሲገፉ የደም ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደረሰ፤ በአንዱ ላይ ከ480 በ350 አለፈ። መደበኛው 120 በ80 መሆኑን ታውቃላችሁ። «ጉልበተኞች ግን ትንፋሻቸውን ሆን ብለው ይይዛሉ» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ለቅጽበት የተያዘ ትንፋሽ ወገብን ያጸናል፣ ወጣትና ጤነኛ ለሆነ ሰው አንዴ ለማንሣት ይሆናል። ደም ግፊት ላለበት፣ ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ኩንታል የሚያወርድ ጫኝና አውራጅ ጆንያውን ከመሬት ሲያላቅቅ «እህ!» ብሎ ድምፅ የሚያወጣው ልክ ነው፤ ያ ድምፅ የተከፈተ ጉሮሮ ነው። የሴቶቻችን ሸክም ሌላ መልክ አለው። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በጀርባ ታዝሎ ገመዱ በደረት ላይ ሲያልፍ የጎድን አጥንት እንዳይሰፋ ያግዳል፤ ከታች ደግሞ መቀነቱ ጠብቆ ሆድ እንዳይነፋ ይከለክላል። ሁለቱ መንገዶች ከተዘጉ ትንፋሹ አጭርና ብዙ፣ ከላይ ያየነው አባካኙ ዓይነት ይሆናል። መቀነት ወገብ ይደግፋልና ይፈታ አልልም፤ አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት ላላ ማድረግ፣ ገመዱንም ከደረት ወደ ትከሻ ማሳለፍ ግን ምንም ወጪ የለውም። ሸክሙን ራሱን ማስቀረት የሚበልጥ መሆኑን አልክድም፤ ቧንቧ ከምክር ይሻላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፦ «ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው አተነፋፈስ ማስተማር ምን ይረባዋል?» አንዳንዴ ምንም አይረባውም። በኩበትና በባሕር ዛፍ ጭስ በታፈነ ማጀት ስትጋግር የዋለች ሴት የተነፈሰችው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ከዚያ ወደ ምንጭ ስትወርድ ከፍታው ከቀነሰባት ኦክስጅን ላይ ጭሱ ደግሞ ይቀንስባታል። የእሷ የአተነፋፈስ ትምህርት የጭስ መውጫና የተሻሻለ ምድጃ ነው። በትምህርት ቤት ሜዳም እንዲሁ። ከእኩዮቹ ጋር ይሮጥ የነበረና በቅርብ ጊዜ ወደ ኋላ መቅረት የጀመረ ልጅ፣ አቀበት ላይ ከሁሉም በፊት የሚቀመጥ፣ ሲተኛ ትራስ የሚያስደርብ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት የሚነሣ፣ እግሩ የሚያብጥ ልጅ «ሰነፍ» መባል የለበትም። በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚያጠቃው፣ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር ሕመም ራሱን የሚገልጠው በዚህ መንገድ ነው። የደም ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሳብ! አውጣ!» እያሉ አንድ ዙር ከማስጨመር መምህሩ ከሰልፍ አውጥቶ፣ ወላጁን አስጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው፤ የጉሮሮ ሕመሙ መቼ እንደነበረ፣ ልጁ ሜዳው ላይ ምን ያህል ርቀት ሄዶ እንደሚቆምም በወረቀት ጽፎ ይስደድለት።